እንዳለው በማን ወሰን ነው?

የቡሬው ቄስ ዓለምብርሃን ልጅ እንዳለው አሜሪካ ውስጥ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ድምፁ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆነው። መኪናው ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር፣ ቁልፉ ሳይነቀል ቆሞ ተገኘ፤ እሱ ግን የለም። የሚሠራበት ድርጅት ይህንን ከነገራቸው በኋላ "ለፖሊስ አመልክቱ" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ለየትኛው ፖሊስ? ቄሱ እንግሊዝኛ አያውቁም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ እዚያ ሲነጋ፣ የእህታቸው ልጅ መምህርት ፍሬሕይወት አጠገባቸው ተቀምጣ ትደውላለች።

የከተማው ፖሊስ፣ "መኪናው ከከተማው ክልል ወጥቶ ነው የቆመው፤ ጉዳዩ የሸሪፉ ነው" አለ። ሸሪፍ የአውራጃው የፖሊስ ሹም ነው። የእሱ ቢሮም "መንገዱ የክፍለ ግዛቱ ነው" ብሎ ወደ አውራ ጎዳና ፖሊስ መራት። እነሱ ደግሞ "ግጭት አልደረሰም፤ የጠፋ ሰው በሚኖርበት ከተማ ይመዝገብ" አሉ። የፌዴራሎቹ መርማሪዎች ወንጀል ካልታየ እንደማይገቡ በትሕትና ነገሯት።

"አባ፣ ሁሉም አነጋገራቸው መልካም ነው፤ ልጁን የሚፈልግ ግን የለም" አለች ድካም እየተጫናት።

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምን እፈርድባቸዋለሁ? የመንደራችን የአልጣሽ ባል በሁለት ቀበሌ ወሰን ላይ ሞቶ የተገኘ ጊዜ፣ ሽማግሌ ሆኜ 'ከወዲያኛው ነው' ያልሁ እኔ ነኝ። ሬሳው ፀሐይ ላይ ዋለ።"



በአሥራ ሦስተኛው ቀን ፍሬሕይወት ጥያቄዋን ቀየረች። ጉዳዩ የማን እንደሆነ መጠየቁን ትታ፣ ለሸሪፉ ቢሮ ጸሐፊ "በዚያ ሰሞን ወድቆ የተገኘ፣ ስሙ ያልታወቀ ሰው አለ?" አለቻት።

ሴትዮዋ "የኛ ሥራ አይደለም፤ ግን እኔው ልደውል" አለች።

ሳይመሽ መልሳ ደወለች። የጎረቤት አውራጃ ፖሊስ መንገድ ዳር ወድቆ ያገኘውን አንድ ሰው ሆስፒታል አስገብቶ ነበር። የደሙ ስኳር ወርዶ፣ ግራ ተጋብቶ ከመኪናው ርቆ ከሄደ በኋላ ራሱን ስቶ ነበር፤ መታወቂያ ስላልያዘ ያለ ስም ተመዝግቧል። ትናንት ነው የነቃው። ስሙን ሲጠይቁት እንዳለው ብሏል።

በማግስቱ ከሆስፒታሉ ጋር አገናኟቸው። "አባዬ" አለ ድምፁ፣ ስልል ብሎ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ቄሱ።  እንዳለው ቀስ እያለ ስለ ሐኪሞቹ ሲያወራ፣ ስልኩን በጆሯቸው እንደያዙ ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ፍሬሕይወት ስልኩን ከእጃቸው በቀስታ ወሰደች። "አንቀላፉ" አለችው። "ተዋቸው ይተኙ፤ ለኔ ንገረኝ።"