የሩይታ ጣት

«ይሄማ አይሆንም» አለች ኬራ የሠርጉን ፎቶ ለቴዮኔ እየመለሰችለት። «አንተ አለህበት። አንተ ደግሞ ገና አልሞትክም።»

«እርግጠኛ ነሽ እትዬ ኬራ? ከእሑድ ወዲህ እኔ ራሴ አላረጋገጥኩም።»

ከሬሳ ሣጥኑ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ሚስቱ ሩይታ በጎሣው የመሰብሰቢያ ቤት፣ በተከፈተው ሣጥን ውስጥ የላባ ካባ እስከ ደረቷ ለብሳ ተኝታለች። በእግሯ በኩል ቀድመዋት የሞቱት የእናቷ፣ የአባቷና የወንድሟ ፎቶ ተደርድሯል፤ የእሷ ቦታ ግን ባዶ ነው።

«መቀስ ይምጣና አንተን ቆርጠን እናውጣህ።»

«እጇ ትከሻዬ ላይ ነው። እጇንም ልትቆርጪው ነው?»

ኬራ የሟች ታላቅ እህት ስለሆነች በእንዲህ ያለ ነገር የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው፤ ደንቡን ግን እሷም ልትሽረው አትችልም። ሕያው ሰው ያለበት ፎቶ ከሙታን ጋር አይቆምም። ነገ ጠዋት ክዳኑ ይገጠማል። ከዚያ በኋላ የሩይታ ፊት ሆኖ መቃብር ድረስ የሚሄደው፣ ዓመቱ ሲደርስም በየዘመዱ ደጅ ተይዞ የሚለቀስለት ፎቶዋ ነው። ለብቻዋ የተነሳችው አንድ ፎቶ በመንጃ ፈቃዷ ላይ ያለው ሲሆን፣ እሱንም ኬራ ትናንት አይታ «ፖሊስ የሚፈልጋት ትመስላለች» ብላ መልሳዋለች።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካሜራ ተሸክመህ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሚስትህ አንድ ፎቶ?»

«ትሸሽ ነበር እኮ።»

«ቀንድ አውጣ ስለማይሸሽ ነዋ!»

ቴዮኔ በዚያ ሁሉ ዘመን ያነሳው የባሕር ቀንድ አውጣ ብቻ ነው። እውነቷን ነበር።

ካሜራውን ያስገዛችው ራሷ ሩይታ ናት። ብላፍ ወደብ ላይ ኦይስተር የሚባለውን የሚበላ የባሕር ዛጎል ስትፈለቅቅ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የባሕር ውሃ የሞላው የማርማላታ ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት። ከአንዱ ዛጎል ጀርባ ያገኘቻት፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ዛጎል የሌላት የባሕር ቀንድ አውጣ ውስጡ ነበረች፤ ነጭ ሆና በጀርባዋ የበቀሉት ጭራሮ መሳይ ዘንጎች ጫፋቸው ሮዝ ነው።

«እንዲህ አምሮ የተሠራ ነገር» አለች ሩይታ «ማንም ሳያየው ሊኖር ነው?»

በማግስቱ ቀንድ አውጣዋን ወስደው ባሕር መለሷት። በወሩ ያገለገለ ካሜራ ገዙ፤ በስድስተኛው ወር ሁለቱም የጠላቂ ጎማ ልብስ ለብሰው አጥንት በሚሰብረው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነበሩ።

እሷ ትፈልጋለች፤ እሱ ያነሳል። ውሃው ብዙ ጊዜ ድፍርስ ስለሆነ ከክንድ ርቀት በላይ አይታይም። ሩይታ አንዷን ስታገኝ በኦይስተር መፈልቀቂያ ቢላዋዋ የእንጨት እጀታ ጀርባው ላይ ያለውን የአየር ሲሊንደር ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ታደርግለታለች። ና እይ ማለቷ ነው። ይዞራል፣ ያነሳል፣ ይቀጥላሉ። ወደ ባሕሩ ዳር ሲወጡ ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛ እየተንቀጠቀጠች ትነዘንዘው ነበር።

«አንድ ቀን እንኳ መልሰህ ብታንኳኳልኝ ምን አለ? አየሁልሽ ብትለኝ?»

«ሁለት እጄም ካሜራ ላይ ነው፣ የኔ እመቤት።»

«እሺ፣ ሦስተኛ እጅ ሲበቅልልህ።»

እሑድ ጠዋት ልብሶቹን ገመድ ላይ ስታሰጣ ወደቀች። ልቧ ነው አሉ።

ከቀትር በኋላ ሌላ የለቀስተኛ ቡድን መጣ። እንግዳ ተቀባይዋ ሴት እንደ ደንቡ ከደጅ በዜማ ጠራቻቸው፤ ንግግሩና ዝማሬው አለቀ። እንግዶቹም እየተሰለፉ ከቤተሰቡ ጋር እንደ አገሩ ሰላምታ አፍንጫ ለአፍንጫ እየተነካኩ አለፉ። መጨረሻ ላይ የመጣው ከደነዲን ከተማ የተነሳው የሙዚየም ሰው ላክላን ነው። የቴዮኔን ፎቶዎች እየመረመረ ለቀንድ አውጣዎቹ ስም የሚሰጣቸው እሱ ነበር። ቴዮኔ አጠገብ ተቀምጦ ሟቿን ረጅም ጊዜ ተመለከታት።

«ጋሽ ቴዮኔ፣ ፊታቸውን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«ተገናኝታችሁ አታውቁም እንዴ?»

«የት? ፎቶዎቹን የሚያመጡልኝ ሁልጊዜ እርስዎ ነበሩ። እኔ የማውቀው ጣታቸውን ነው።»

«ጣቷን?»

«ያልተቆረጠውን ፎቶ አይደል የሚሰጡኝ? ዳር ላይ ጣታቸው አለች። የቀንድ አውጣዎቹን ርዝመት የምገምተው በእሷ ነው። የጓንቱን ቀይ ልጣፍ ለክተው እንዲነግሩኝ አስቸግሬዎት አልነበር?»

«አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር» አለ ቴዮኔ።

ጓንቷ አመልካች ጣቱ ላይ በዛጎል ተቀዶ ነበር። ከአሮጌ ቦት ጫማዋ ቀዩን ጎማ ቆርጣ ለጠፈችው። ያቺ ቀይ ጫፍ በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ እዚህ ጋ እያለች ትጠቁማለች፤ እሱ ደግሞ ቤት ሲገባ ምስሉን አበላሸች ብሎ ይቆርጣታል። ሩይታ በትከሻው ላይ ተንጠራርታ ታይና «ዛሬም ጣቴን በላሃት?» ብላ ትስቅ ነበር። ሽልማት ያገኘውን፣ ሳሎን የተሰቀለውን፣ ሁሉንም ቆርጧል። ጠዋት ኬራን «እጇንም ልትቆርጪው ነው?» ያላት ትዝ ሲለው ፊቱ ጋለ።

ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አለች ኬራ ደንግጣ። «ሬሳ ጥለህ?»

«ሚስቴን ላመጣት ነው።»

ቤቱ ሲደርስ ልብሶቹ አሁንም ገመዱ ላይ ነበሩ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያልተቆረጡትን ከመጀመሪያው ጀመረ። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፤ በሁሉም ጣቷ አለች። ክረምት በጋ ሳትል፣ ጉንፋን ይዟት በወጣችበት ቀን ሳይቀር፣ ተጣልተው ሳይነጋገሩ በጠለቁበት ሳምንት እንኳ ያቺ ጣት ያገኘችውን ሁሉ ለእሱ ትሰጥ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ራሱን ዓይናማ አድርጎ ሲቆጥር የኖረው በእሷ ዓይን ነበር። ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። ሲያለቅስ ግን የተሰማው የጎደለው ሳይሆን የተሰጠው ነበር። «አመሰግናለሁ» አለ ጮክ ብሎ ለባዶው ቤት። «ሩይታ፣ አመሰግናለሁ።»

አንዱን መርጦ አተመው። ሳሎን ከተሰቀለው ፍሬም የተሸለመውን ፎቶ አውጥቶ ይህንን በቦታው ከተተ።

ለቅሶው ቤት ይዞት ሲመለስ ኬራ መነጽሯን አድርጋ መረመረችው። እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን ነጭ፣ ጭራሮዋ ሮዝ የሆነ ቀንድ አውጣ፤ ከጎኗ ደግሞ ጫፏ ቀይ የሆነች ጥቁር የጓንት ጣት።

«አንተ የለህበትም?»

«እኔ ካሜራው ጀርባ ነኝ።»

«ይቺስ? ይቺም ነፍስ አላት።»

«እነሱ ከዓመት አያልፉም እትዬ። ይቺ ከሞተች አሥር ዓመት አለፋት።»

ኬራ ልትስቅ ብላ አለቀሰች። ጣቷን በመስታወቱ ላይ በእህቷ ጣት ላይ አሳረፈች።

«ልጅ ሆና እንዲሁ ነበረች» አለች። «ያየችውን ካላሳየች እንቅልፍ አይወስዳትም።»

ከዚያም ፎቶውን በእናትና በአባቷ መካከል አቆመችው። እስከ ምሽት የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ጎንበስ እያለ ጣቷ የምታሳየውን ሲያይ አመሸ።

በማግስቱ ጠዋት ቤተሰቡ ተራ በተራ ተሰናበታት። ክዳኑ ተገጠመ። ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ፤ ወንዶቹ ሊያነሷት እጀታውን ያዙ።

«አንድ ጊዜ» አለ ቴዮኔ።

ሁለቱም እጆቹ ባዶ ነበሩ። ከኮቱ ኪስ የሩይታን ቢላዋ አወጣ፤ ስለቱን በመዳፉ ይዞ በእንጨት እጀታው ክዳኑን ሁለት ጊዜ አንኳኳ።