የማይነሣው ሳህን

የቢራዋንግ ከተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የተጠራጠረ ካለ ወንዙን ይጠይቅ። የካሊሮይ አያት ከግሪክ ደሴት መጥቶ ምግብ ቤቱን በከፈተ ሰሞን ጎርፍ መጣ። ቤቱን ከነመስታወቱ፣ ከነባንኮኒው ብድግ አድርጎ ይዞት ወረደ። አያትየው ግን ምድጃውን አላጠፋም። አንድ በግ ሸላች ስቴኩን ገና አልጨረሰም ነበር፤ በዚያ ቤት ደግሞ ሰው እየበላ በር አይዘጋም። ሸላቹ ሲያኝክ ዳተኛ ስለነበር እስኪጨርስ ድረስ ብዙ ከተማ ታለፈ። የየአገሩ ሰው ከጣራው እየዋኘ መጥቶ ሚልክሼክ አዘዘ። በኋላ ወንዙ ራሱ አፈረና ቤቱን ወደ ቦታው መለሰው፤ ትንሽ አዘንብሎ ብቻ።

ካሊሮይ ይህን ከአባቷ ከፓናሬቶስ አፍ እየሰማች አደገች። ዛሬም ጎህ ሲቀድ ወለሉ ከእግሯ በታች በቀስታ ይወዛወዝባታል፤ የሞቱ ደንበኞችም መስታወቱ ውስጥ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ታያለች።

ኋላ ግን አዲሱ አውራ ጎዳና ከተማዋን በሩቁ ዞሯት አለፈ። የጭነት መኪናዎቹ ቀሩ። ካሊሮይም ሳትወድ በግድ መስታወቱንና ባንኮኒውን ብሬንዳን ለሚባል የሲድኒ ሰው ለመሸጥ ቃል ገባች።

ብሬንዳን መፍቻውን ይዞ ሲገባ ሜርቪን የሚባል ሌላ በግ ሸላች፣ የቤቱ የዘወትር ደንበኛ፣ ጥጉ ላይ እንቁላሉን ይዞ ተቀምጧል። ፓናሬቶስ እሱ ሳይጨርስ ብሎን አይፈታም አለ። ካሊሮይ አባቷን ጓዳ ወስዳ ሜርቪንን ሆነ ብለህ ያስቀመጥከው አንተ ነህ ብትለው፣ በቅዱሳኑ ሁሉ ማለ፤ ጥፋቱ የሜርቪን ጥርስ ነው አላት።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ውጭ መንገዱ በሙቀት እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል።

«ወዳጄ፣ እንቁላሉን ልትበላው ነው ወይስ ልታስፈለፍለው?» አለ ብሬንዳን።

«ጫጩቱ ከወጣ ላንተም ይደርስሃል» አለ ሜርቪን።

ያኔ ከጓዳ የምግብ ሽታ መጣ። አያትየው የዚህ አገር ሰው ከስቴክ ሌላ አይበላም ብሎ ስለደመደመ፣ ቤተሰቡ የራሱን ምግብ ሁልጊዜ በር ዘግቶ ነበር የሚበላው። ብሬንዳን ርቦኛል፣ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

«የእኛ ምሳ ነው፤ አይሸጥም» አለችው ካሊሮይ።

«ሽጪልኝ አላልኩም። ርቦኛል ነው ያልኩት።»

በወይራ ዘይት የተሠራ የቦሎቄ ወጥ አቀረበችለት። አንዴ ጎረሰና መፍቻውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ሜርቪን ተንጠራርቶ ከሳህኑ ቀመሰለት።

«ይኼ ከግድግዳው ወዲያ እያለ ነው እኔ ስቴክ ሳኝክ ጥርሴን የጨረስኩት?» አለና እንቁላሉን በንዴት ዋጠው።

የቀረው የብሬንዳን ሳህን ብቻ ሆነ። ዘይቱ ላይ አንዲት ቦሎቄ ትንሳፈፋለች። ካሊሮይ ሳህኑን ልታነሣ እጇን ዘረጋች፤ ወለሉ ቀስ ብሎ ተወዛወዘ። ጭልፋውን አነሣችና ደገመችለት።

የብሬንዳን መኪና መስታወቱንም ባንኮኒውንም ሳይጭን ባዶውን ተመለሰ። መስታወቱ ላይ በጠመኔ «ስቴክ» ከሚለው በላይ «ቦሎቄ» ተጽፏል፤ የጭነት ሾፌሮችም ከአውራ ጎዳናው እየታጠፉ ይመጣሉ። ብሬንዳን በልቶ ጨረሰ ወይ ብሎ የጠየቀውን ሁሉ ፓናሬቶስ «ገና ነው» ይለዋል።