እስከ እምብርቷ የሚደርስ ክር

«ልጅሽ ቁመቷ ስንት ነው?» አለችኝ ሂያም።

ሂያም ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ ከአባቷ ደንበኞች አማርኛ የለመደች የነጋዴ ልጅ ናት። በ1977 ዓ.ም. እኛ በተጠለልንበት ካምፕ፣ ለልጆች ምግብ በሚሰጥበት ዳስ ውስጥ ልጆችን እየለካች ትመዘግብ ነበር። ያልተለካ ልጅ ወተትና ገንፎ አያገኝም። ይህን እያወቅሁ ልጄን ሸጊቱን ደብቄ ነበር።

ምክንያቱን ለባሌ ለአስናቀው እንኳ አልነገርኩትም። በመጣን በሦስተኛው ቀን በዳሱ በር ሳልፍ አንድ ሕፃን ሳንቃ ላይ በጀርባው አስተኝተው ከራሱ እስከ ተረከዙ ሲለኩት አየሁ። ትልቁን ልጃችንን ደጉን መተማ ሳንደርስ መንገድ ላይ ስንቀብረው፣ አስናቀው ለጉድጓዱ ብሎ እንደዚያው አስተኝቶ በገመድ ለክቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሸጊቱን ማንም እንዲለካት አልፈለግሁም። ሂያም ለምዝገባ ስትመጣ ልጅቱን በጆንያ ሸፍኜ «ልጅ የለኝም» እላት ነበር። ቁመቷን በጠየቀችኝ ቀን ግን ሳሏ አጋለጠን።

«ሰባት ዓመቷ ነው» አልኳት።

«ዕድሜዋን አልጠየቅሁሽም፣ ኻልቲ።» ሱዳኖች አክስት እንደሚሉት ነው የምትጠራኝ። «ነገ አምጫት።»

«ምንም አልሆነችም። አላመጣትም።»

አልተቆጣችም። በማግስቱ ግን ራሷ መጣች፤ ከኪሷም ሁለት ክብ እንጨቶች በአጭር ዘንግ የተያያዙበት መጫወቻ አወጣች። ዮዮ ይባላል፤ ዘንጉ ላይ በተጠመጠመ ክር ወርዶ ይመለሳል አለች። በልጅነቷ አባቷ ከካርቱም ያመጣላት ነው። ክሩ ተበጥሷል። ሸጊቱ ከተኛችበት ቀና ብላ አየችው። ከሳምንት ወዲህ ነገር ትኩር ብላ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዱቄት ማዳበሪያ አፍ የጥጥ ክር መዝዤ ሰጠኋት። ሂያም ዘንጉ ላይ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችና ለቀቀችው። ወርዶ ሳይዞር ተመለሰና ጣቷን መታት።

«አንቺ ልጅ፣ አንቀሽው እኮ ነው!» ብዬ ቀማኋት። ፈትል ይዤ ነው ያደግሁት። አዲስ ክር ሁለት አጥፌ ጭኔ ላይ ገመድኩት። የታጠፈውን ጫፍ ከፈት አድርጌ እንደ ቀለበት ዘንጉ ላይ አጠለቅሁት። ቋጠሮ የለውም፤ ይይዛል እንጂ አያንቅም።

«ኹዌስ፣ ጎበዝ!» አለች ሂያም። «አሁን ርዝመቱ። ከመሬት እስከ እምብርቷ ነው። ከረዘመ መሬት ይመታል፤ ካጠረ ሳይዞር ይመለሳል። እንለካት።»

ክሩን ይዤ ወደ ተኛችው ልጄ ጎንበስ አልኩ።

«ተኝታ አትለካም!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ የደጉን ነገር ሁሉ እያለቀስኩ ነገርኳት።

ሂያም «ኻልቲ፣ የሚተኙት መቆም የማይችሉት ሕፃናት ናቸው» አለች። «የሚቆም ልጅ ቆሞ ነው የሚለካው።»

«ብትወድቅስ?»

«ወላሂ እይዛታለሁ።»

«የኔ ነው?» አለች ሸጊቱ ዮዮውን እያየች።

«ከቆምሽ ያንቺ ነው» አለቻት ሂያም።

መጀመሪያ ተንበረከከች። ከዚያ የዳሳችንን ምሰሶ ይዛ ተነሣች። ክሩን ከእምብርቷ ወደ መሬት አወረድኩና በጥርሴ በጠስኩት። ሂያም ጊዜ አልሰጠችኝም። ልጅቱን አቅፋ ወደ ምግብ ዳሱ ወሰደቻትና የቁመት መለኪያ እንጨት ሥር አቁማ ካርድ ላይ ጻፈች። ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። ዘንድሮ መሠረተ ትምህርት ስገባ ካርዱን አውጥቼ አነበብኩት፤ 107 ይላል።

ሸጊቱ ወተቱን መጠጣት ጀመረች። እኔ ደግሞ ዮዮውን እጠብቅ ነበር። አቧራውን ከመሃሉ በጨርቅ እጠርጋለሁ። ክሩ ሲከርር ወደ ታች አንጠልጥዬ ራሱ ዞሮ እስኪፈታ እተወዋለሁ። አንድ ቀን እንዲለሰልስ ብዬ ዘንጉን የሰሊጥ ዘይት ቀባሁት፤ ወርዶ ቀረ፣ አልመለስ አለ።

«ኻልቲ፣ ልትጠብሺው ነው እንዴ?» ብላ ሂያም ሳቀችብኝ። ዘይቱን ጠርገን ክር ቀየርን።

ክሩ ዘንጉ አጠገብ ሲሳሳ አዲስ እገምድና ሸጊቱን አቁሜ እለካለሁ። አሮጌዎቹን አልጥልም፤ ምሰሶው ላይ አስራቸዋለሁ። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አድርጌ አስተያያለሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት ክሮች እኩል ነበሩ። አምስተኛውን ሰኔ ላይ ለካሁ። ግማሽ ጣት በለጠ።

በዚያው ሳምንት አስናቀው ከሄደበት ከፋሽጋ እርሻ የቀን ሥራ ተመለሰ።

«ዝናቡ ገባ፣ ፋናዬ። መሬታችን ጦም ሊያድር ነው። ነገ ወደ መተማ የሚሄድ መኪና አለ።»

«ሸጊቱ በዳሱ የምትመገብበት ጊዜ ገና አላለቀም።»

«ይኸው ትጫወታለች አይደል?»

አራተኛውን ክር ከምሰሶው፣ አምስተኛውን ከዮዮው ፈትቼ እጁ ላይ አደረግሁለት። ጫፍና ጫፋቸውን ገጥሞ አየ።

«ለዚህች ግማሽ ጣት ነው የምትቀሪው?»

«ለእሷ ነው።»

ደጉን የለካበትን ገመድ እንዳስታወሰ ፊቱ ነገረኝ። ክሮቹን መለሰልኝ።

በማግስቱ አስናቀው ሄደ። እኔና ሸጊቱ ቀረን።