አርባ ጥራዝ በአንድ ካርድ

በ1980 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ምንትዋብን እንቅልፍ የማይሽረው ድካም ተጭኗት ነበር። ኦሎምፒያ አጠገብ ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ አሥራ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ስታውስና ስትቀበል ኖራለች። ወገቧን ያማታል፤ ማታ ማታ እግሯ ያብጣል።

ያን ሰሞን ከዋናው መሥሪያ ቤት የጉባኤ ንግግሮች የታተሙባቸው አዳዲስ መጻሕፍት በሣጥን መጡ። ማስቀመጫ ስላልነበረ ኃላፊው ጓድ አያሌው ጥግ ወዳለው መደርደሪያ ጠቆመ። እዚያ ለዓይነ ስውራን በብሬል የተዘጋጁ አርባ ጥራዞች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ትራስ ያህላሉ።

«እነዚህ መጋዘን ይግቡ» አላት። «መዝገቡን አይቼዋለሁ። በሦስት ዓመት የተዋሳቸው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

መጋዘኑ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ የከረመ ነው። እዚያ የገባ ወረቀት በስብሶ እንደሚቀር ሁለቱም ያውቃሉ። ምንትዋብ ግን አልተከራከረችም፤ ለክርክር የሚሆን ጉልበት አልነበራትም።

ያ አንድ ሰው ጋሽ ላጲሶ ናቸው፤ ከልጅነታቸው ዓይነ ስውር የሆኑ፣ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር። በማግስቱ ሁለት ጥራዝ ሊመልሱ ሲመጡ ነገሩን አጫወተቻቸው። ጥራዞቹን ጠረጴዛው ላይ እያኖሩ፣

«እኔማ ሁሉንም አንብቤ ከጨረስኩ ቆየሁ፣ ልጄ» አሉ።

«ታዲያ በየሳምንቱ የሚወስዱት ለማን ነው?»

«ሆስፒታል ለተኙት ልጆች። ዓይናቸውን ጦር ግንባር ላይ ጥለው የመጡ ናቸው። ፊደሉን በጣታቸው እያስዳሰስኩ አስቆጥራቸዋለሁ። አሁን ስድስት ሆነዋል። አንደኛው ትናንት የእናቱን ስም ነጥብ በነጥብ ጻፈ።»

ምንትዋብ ይህን ሰምታ ዝም ማለት አልቻለችም። አያሌው ቢሮ ገብታ ነገረችው። እሱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ሆስፒታሉ በማኅተም ይጻፍልንና እናያለን» አላት። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ በር ላይ ተሰለፈች። በመጨረሻ ያነጋገራት መኮንን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ እዚህ ስንት ቁስለኛ እንዳለ በወረቀት አይወጣም። እኔም ምንም አልነገርኩሽም» አላት። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ስትመለስ እንባ እንኳ አልመጣላትም።

ዓርብ ዕለት የውሰት ደንቡን አውጥታ አነበበች። ማየት ለተሳነው አንባቢ የጥራዝ ገደብ አልተቀመጠም። ተቀመጠችና አርባውንም ጥራዝ አንድ በአንድ በጋሽ ላጲሶ ካርድ ላይ ጻፈች፤ ካርዱ ስላልበቃ ወረቀት ቀጠለችበት። ከዚያ ለፊርማ አያሌው ፊት አኖረችው።

«ይሄን ሁሉ የት ያስቀምጡታል?»

«ቤታቸው።»

«ውሰቱ እኮ ለሁለት ሳምንት ነው።»

«ይታደሳል።»

አያሌው ብዕሩን አንስቶ ፈረመ።

መጻሕፍቱ በእጅ ጋሪ ተጭነው ሄዱ። የጋሽ ላጲሶ ባለቤት ወይዘሮ ገንዘቤ አልጋ ሥር ደረደሯቸው። ሰኞ ባዶው መደርደሪያ በጉባኤ ንግግሮች ሞላ። ምንትዋብም በየሁለት ሳምንቱ አርባ መስመር በእጇ እየጻፈች ታድሳለች፤ ሥራዋ ላይ ሌላ ሥራ ተጨመረ።

የካቲት ላይ ጋሽ ላጲሶ አንድ ወጣት ይዘው መጡ። ፊቱ በጠባሳ የተሸፈነ ነው፤ እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጓል።

«የራሴን ካርድ ማውጣት ፈልጌ ነበር» አለ ልጁ። «እሸቴ እባላለሁ።»

«አድራሻ?» አለች ምንትዋብ።

«የሆስፒታሉን በወረቀት እንዳልሰጥ ተነግሮኛል» አለ ልጁ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም። የጋሽ ላጲሶን የቤት ቁጥር በቃሏ ጻፈችለት።