አንድ ታፔላ የለጠፉ ስድስት ኮምፒውተሮች

ሩት ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች በርካሽ የለቃቀመቻቸው ስድስት ኮምፒውተሮች በለስላሳ መጠጥ ሳጥኖች ላይ ተደርድረው ሳሎኑን በጩኸት ሞልተውታል፤ ሥራ ግን አልተካፈሉም። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ አቃቂ ወንዝ ጎርፍ ነበር። ስሌቱ በላፕቶፗ ብቻ አንድ ወር ይፈጃል፤ ማስረከቢያው ሰኞ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ማክሰኞ። ስድስቱ ካልተባበሩላት ዓመቷ መቃጠሉ ነው።

"ምን ሆኑ?" አሏት አባቷ አቶ ቀናው፣ ሠላሳ ዓመት ሚኒባስ የነዱት።

"የአንዱን ዲስክ ለሁሉም ገለበጥኩት፣ አባዬ። የሁሉም ስም አንድ ሆነና ሥራው ማን ጋ እንደሚሄድ ጠፋው።"

አቶ ቀናው ጭናቸውን መቱ። "ስድስቱም አንድ ታፔላ ለጥፈዋላ! ተሳፋሪው የቱ ውስጥ ይግባ? ቀይሪላቸው እንጂ!"

እሳቸው ፌርማታ ሲጠሩ እሷ በሳቅ እየተንፈራፈረች ለየኮምፒውተሩ ስም ጻፈች፤ አደይ አበባ፣ ሳሪስ፣ አቦ፣ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ከዚያ ከላፕቶፗ አንድ በአንድ ጠራቻቸው። አባቷም እንደ ረዳት እጃቸውን እያወዛወዙ "አቦ! አቦ! የሞላ አቦ!" ይላሉ። አምስቱ መለሱ። ኮዬ ፈጬ ዝም አለ።

"መንገድ ተዘጋግቶበት ነው፣ ታገሺው።"

ሩት ደግማ ጠራችው። መለሰ! ሩት ስሌቱን ለቀቀችው፤ ማራገቢያዎቹ ሁሉ ባንዴ አጓሩ፤ ስክሪኑ ላይ "አምስት ቀን" የሚል ብቅ አለ።

"እሁድ ይደርሳል፣ አባዬ!"

አቶ ቀናው ግድግዳውን በመዳፋቸው ደለቁት። "ሞልቷል! ሳበው!"