የቀዳ ይቀምሳል

የኋላሸት ነቀምቴ ገበያ ፍራሽ ሲሸጥ የኖረ ሰውዬ ነው። ፍራሹ አልሸጥ ሲለው ጢሙን አሳደገና መድኃኒተኛ ሆነ። በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ይህን የማያውቅ የለም፤ ለማያውቅም እትዬ ሸዋጌጥ ነግረዋል።

ዛሬ ደግሞ ጭራሽ እሳቸው ግቢ ገባ። የመጣው ለተከራያቸው ለድርቤ ነው። ድርቤ ከጊዳ አያና ተሰዳ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆናት። ባሏ ተረፋ እዚያ በተነሣው ረብሻ ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ፤ ሬሳውም አልተገኘ፣ ለቅሶም በወጉ አልተቀመጠችለት። አንጀቷ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው ያ ሰውዬ፣ ይቺን ከጠጣሽ ባልሽ ፊትሽ ይቆማል፣ ነፍስሽም ታርፋለች ያላት።

ሸዋጌጥ በርጩማቸውን ስበው በድርቤ በር ላይ ተቀመጡ። ሰውዬው የፕላስቲክ ጠርሙሱን ሲከፍተው ሽታው ደረሳቸው። አስተናግር ነው። ያ መናኸሪያው ጀርባ ቆሻሻ ላይ የሚበቅለው፣ ፍየል እንኳ ዞራ የምታልፈው። ልጅ ሆነው ሸዋ ሳሉ፣ አንድ የቆሎ ተማሪ ትምህርት ይገባኛል ብሎ ይህንኑ ጠጥቶ ሦስት ቀን ከግድግዳ ጋር ሲሟገት አይተዋል። ልቡ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ይህን ሁሉ ጠዋት ለድርቤ ነግረዋት ነበር። እሷ ግን፣ "አኮ፣ ዛሬ እንኳ ተዉኝ" ብላ ዘጋቻቸው፤ አኮ የምትላቸው አያቴ ስትል ነው።

መድኃኒተኛው እያነበነበ በኩባያ ቀዳ። ድርቤ እጇን ስትዘረጋ ሸዋጌጥ ምርኩዛቸውን መሃል አስገቡ።

"ወንድሜ፣ የቀዳ ይቀምሳል። እናትህ ጠላ ስትቀዳ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ አትቀምስም ነበር?"

መንፈሱ አይፈቅድም አለ። ለታማሚ ብቻ ነው አለ። ጾም ነኝም አለ፤ በማን አቆጣጠር እንደሆነ እንጃ። ሸዋጌጥ ሁሉንም አዎን አዎን እያሉ ሰሙት፤ ምርኩዙ ግን ንቅንቅ አላለም። ድርቤም እጇን ሰብስባ ታየው ጀመር። ይሄኔ ደረቱን ነፋና ተጎነጨ።

ጉንጩ እንደተነፋ ቀረ። አሮጊቷ ያላዩ መስለው ወሬያቸውን ጀመሩ። እናትህ ደህና ናት? አንገር ጉቲን ያለው በቆሎህ እንዴት ነው? ያቺ ነርሷ ሚስትህ ጥላህ ሄደች የሚሉት እውነት ነው? ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ይመልሳል፤ ላቡ በጢሙ ይወርዳል።

"ዓይኔ ደክሟል ልጄ፣ በአፍህ ንገረኝ" አሉት።

ሮጦ ወጥቶ ጎመኑ ላይ ተፋው። ከቧንቧው ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠና በአጥሩ ሽንቁር ሾለከ፤ ያን የሚያህል መንፈስ ተሸክሞ ሽንቁሩ እንዴት እንደበቃው እሱ ያውቃል።

ድርቤ ኩባያውን ደጃፉ ላይ ደፋችው። ሸዋጌጥ አላልኩሽም ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ "መልኩ እየጠፋብኝ ነው እኮ አኮ" አለች። "ፎቶውም ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። አንዴ ልየው ብዬ ነው።"

ሸዋጌጥ የሰፈሩን ባል ሁሉ፣ ማን እንደሚጠጣ፣ ማን እንደሚማግጥ ሲያወሩ ኖረው፣ የዚችን ባል ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴም አልጠየቁም። በርጩማቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

"ቁመቱ ከዚያ ከፍራሽ ሻጭ ይበልጣል?"

ድርቤ ተነሣችና ክንዷን አንጠራርታ የበሩ መቃን ላይ ቁመቱን አሳየቻቸው።