የሰባተኛው ጉድጓድ ውሃ

የሰፈሩ ሰው «ቀጂዋ» ይላታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመሬት ሥር ውሃ እየቀዳች በትንንሽ ጠርሙስ ወደ ላቦራቶሪ ስትልክ አንድ ቀን እንኳ ቀምሳው ስለማታውቅ፣ «ቀድታ የማትጠጣ ሰው አንቺን ብቻ አየን» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አብራቸው ትስቃለች።

የምትቀዳው ከአንድ የተዘጋ ፋብሪካ ግቢ ነው። ፋብሪካው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት በክሮም ሲለብጥ፣ እጣቢውን ደግሞ ጓሮው ውስጥ ሲደፋ ኖሯል። በሩ ሲዘጋ ሠራተኛው ተበተነ፤ መርዙ ግን እዚያው ቀረ። ቀስ እያለ ወደ ታች ሰረገና ከመሬት በታች ካለው ውሃ ጋር ቁልቁል ወደ መንደሩ መሄድ ጀመረ። እሷ የምትሠራበት የጽዳት ድርጅት ያንን ውሃ በፓምፕ እየሳበ ያጣራል። መርዙ መቀነስ አለመቀነሱ የሚታወቀው ደግሞ በፋብሪካውና በመንደሩ መሃል በተቆፈሩት አሥራ አንድ ቀጫጭን የመከታተያ ጉድጓዶች ነው። ከሁሉም ክፉው ሰባተኛው ነበር፤ ውሃው ቢጫ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ሥራውን ያስተማሯት አለቃዋ ናቸው፤ «ጋሼ» ነው የምትላቸው። አባቷ በሞተ ዓመት ቀጠሯት፣ ከጓንት አጠላለቅ ጀምሮ አሳዩዋት። «የቆመ ውሃ ይዋሻል» ይሏት ነበር። «መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ የቆየውን ሦስት እጥፍ አውጥተሽ ድፊው። እውነተኛው ውሃ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው።» አንድም ቀን ሳታጓድል እንዳሉት አደረገች።

ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ጋሼ ቢሯቸው ጠሯት።

«ከእንግዲህ መድፋቱ ይቅር» አሏት። «አዲስ አሠራር መጥቷል። ከላይ ከላይ ቀስ ብለሽ ቅጂ። የናሙናውንም ቅጽ ብቻሽን ፈርሚ፤ የኔ ፊርማ ምን ያደርግልሻል? አምንሻለሁ።»

ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት ለእህቷ ደውላ እንደ ሹመት ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ሰባተኛው ጉድጓድ ወር በወር እየጠራ ሄደ። በመጨረሻም ቢጫው ጨርሶ ጠፋ። የዘጠኝ ዓመት ድካሟ ፍሬ መስሏት ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ትመለከተው ነበር።

እህቷ ከፋብሪካው በታች፣ መንደሩ ውስጥ ነው የምትኖረው። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ «እታለም» ነው የምትላት። ግቢዋ ውስጥ በእጅ የሚሳብ ጉድጓድ አለ፤ በመርዙ ምክንያት ለዓመታት ተቆልፎ ኖሯል። «ከጸዳ እንክፈተው እንዴ?» ብላ ስትጠይቃት ቀጂዋ ከራሷ አልመለሰችም፤ ጋሼን ጠየቀች። ጋሼ ውጤቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ምን ችግር አለው» አሉ። ቀጂዋ ቁልፉን በገዛ እጇ ከፈተችው።

ነገሩ የወጣው እንዲህ ነው። በየወሩ ናሙና የሚወሰደው ሐሙስ ነበር። አንድ ጊዜ የላቦራቶሪው ኬሚስት ደወለና፣ ማሽኑ ጥገና ስለሚገባ የሰባተኛውን ቀደም አድርጋ ማክሰኞ እንድታመጣለት ለመናት። ጋሼ ያን ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩና ሳትነግራቸው ሄደች። መቅጃውን ሰባተኛው ውስጥ ሰደደችው። ስታወጣው ውሃው ቢጫ ነው። ጉድጓድ የተሳሳተች መስሏት ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አየች፤ ሰባት ይላል። የውሃውን ጥልቀት ለክታ መዘገበች፣ አንድ ጠርሙስም ለራሷ አስቀረች።

ሐሙስ እንደ ወትሮው ለሌሎቹ ጉድጓዶች ስትመጣ ሰባተኛውን ደግማ ቀዳች። ውሃው ኩልል ብሏል። አሸተተችው፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይሸታል። ዝናብ ሳይጥል ከማክሰኞው አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሏል።

የግቢው ዘበኛ ጥላ ሥር ተቀምጠው ራዲዮ ይሰማሉ።

«አባባ፣ ትናንት እዚህ ሰው መጥቶ ነበር?»

«የውሃ ቦቴው ነው የመጣው። አለቃሽ ሁልጊዜ አንቺ ልትመጪ ስትዪ ጉድጓዱን ያሳጥቡት የለ?» አሉ ሽማግሌው። ፊቷን ሲያዩ ራዲዮውን ቀነሱት። «የምታውቂ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ።»

 መቅጃውን ይዛ ወደ ሰባተኛው ተመለሰች፤ ከንጹሑም አንድ ጠርሙስ ሞላች።

ከሰዓት በኋላ የጋሼ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጠርሙስ አስቀመጠች፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ንጹሕ።

«ጋሼ፣ ሁለቱም የሰባተኛው ናቸው፤ ቢጫው የማክሰኞ፣ ንጹሑ የዛሬ።»

ተነሥተው በሩን ዘጉ። «ማክሰኞ ማን ላከሽ?» አሉ።

ውሃው ለምን ቢጫ ሆነ አላሉም። ልቧ ቁርጡን ያወቀው ያኔ ነው።

«ከአሥራ አንዱ አሥሩ ጸድቷል» አሉ ቁጭ ብለው። «መሬቱን የገዙት ሰዎች ቤት ሊሠሩበት ቆመው ይጠብቃሉ። ለአንድ ጉድጓድ ብዬ ሁለት ዓመት ጨምሩልኝ ብል ጡረታዬ ደጃፍ ላይ ያባርሩኛል። ደግሞ ቀስ በቀስ በራሱ ይጠፋል ብዬ ነው።»

«እህቴ እየጠጣችው ነው። ጠይቄዎት ነበር እኮ። አይሆንም ማለት ይችሉ ነበር።»

«አይሆንም ብልሽ ለምን ትዪኝ ነበር።» ቢጫውን ጠርሙስ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ይልቅ ረጋ በይ። የአሥራ ስምንቱን ወር ቅጽ አውጪና እይው። የማን ፊርማ ነው ያለበት?»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የሰማችው ስለ ወንዝ ነበር። ያ «አምንሻለሁ» ያሏት ቀን፣ የደስታዋ ቀን፣ ለካ የታሰረችበት ቀን ኖሯል። ያን ቀን የፈለጉት እሷን ሳይሆን ፊርማዋን እንደነበረ አሁን ገባት።

«ለዚህ ነው ያመንከኝ?» አለችው።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። እሱም ሰማው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጠርሙሶቹን አንሥታ ወጣች።

በቀጥታ የሄደችው ወደ እህቷ ነው። እታለም ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣለች።

«እታለም፣ ከጉድጓዱ አትጠጡ። ለልብስም አትንኩት።»

«ምን ሆነ?»

ነገረቻት። እታለም እጇ ላይ ያለውን እርጥብ ሸሚዝ እንደያዘች ሰማቻት፤ ውሃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል።

«ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደሱ ነው» አለች በመጨረሻ። 

አርብ ዕለት ቀጂዋ ዘበኛውን ምስክር አድርጋ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ቆመች። ሦስት እጥፉን እየሳበች ወደ በርሜል ገለበጠችው፤ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። መጀመሪያ የወጣው ንጹሕ ነበር፤ እየቆየ ግን የሻይ መልክ ያዘ። ከሱ ሁለት ጠርሙስ ሞልታ አንዱን ለኬሚስቱ ሰጠች፣ ሌላውን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ወሰደች። አብራ አንድ ገጽ ጻፈች፤ የአሥራ ስምንቱ ወር ውጤት ሐሰት መሆኑን፣ ፊርማው ግን የራሷ መሆኑን። የተቀበላት ጸሐፊ ካነበበው በኋላ ቀና ብሎ፣ «ይሄኛው መስመር ይቅርብሽ፣ ራስሽን ነው የምትከሺው» አላት። አልሰረዘችውም።

በወሩ የመሬቱ ሽያጭ ታገደ፣ «ጸድቷል» ተብሎ ቆሞ የነበረው ፓምፕ እንደገና ተነሣ፣ የእህቷም ጉድጓድ በሲሚንቶ ተዘጋ። አለቃዋ ለጡረታ ስምንት ወር ሲቀረው ተሰናበተ። እሷም ሦስት ወር ከሥራ ታግዳ ተመለሰች። እሷ ከመታገዷ በፊት፣ እሱ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ ኮሪደር ላይ ተገናኝተው ነበር። «ደህና ሁኚ፣ ልጄ» አላት። አልፋው ዕቃ ግምጃ ቤት ገባችና አባቷ የሞተ ቀን እንዳለቀሰችው አለቀሰች። የሚያንገበግባት ደግሞ፣ ያስተማራት ሁሉ ትክክል መሆኑ ነው። ዛሬም የምትሠራው እሱ ባሳያት መንገድ ነው፤ ሌላ መንገድ የላትም።

የእህቷ ቤተሰብ ተመረመረ። ሐኪሙ «ለጊዜው ደህና ናችሁ፤ በየዓመቱ ግን እየመጣችሁ ትታያላችሁ» አላቸው።  ቤት ደርሰው ልጆቹ ሲገቡ እታለም ወደ ቀጂዋ ዞረች።

«እሱን ስላመንሽ አልፈርድብሽም» አለች። «እኔ ግን ያመንኩት አንቺን ነው።»

 በሩ ሥር ሁለት ባዶ ጄሪካን ነበር። ቀጂዋ አነሣቻቸውና፣ ማዶ መንገድ ላይ ለመንደሩ ውሃ የሚያድለው መኪና ጋ ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች።